ስውር ቅምቀማ ምንድን ነው?

ስውር ቅምቀማ የልብስ የታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሲሰፋ፣ ክሩ በውስጥ በኩል ብቻ እየሄደ ከውጭ ለሚያይ ሰው የስፌት መስመር የማይታይበት ዘዴ ነው። ተራው የመኪና ቅምቀማ እጥፋቱንና የፊቱን ጨርቅ አንድ ላይ ስለሚወጋ በልብሱ ፊት ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል። ይህ ለጂንስ ሱሪ፣ ለሥራ ልብስና ለሸሚዝ ግርጌ የሚስማማ ቢሆንም፣ ለሱፍ ሱሪ፣ ለጉርድ ቀሚስና ለክት ልብስ ግን አይመችም። በጎንደር አራዳና ቅዳሜ ገበያ አካባቢ በረንዳ ላይ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣን ደንበኛ «በመኪና ይሁን በእጅ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚጠይቀው ስለዚሁ ልዩነት ነው።

ስፌቱ የሚሰወረው ክሩ ከጨርቁ ቀለም ጋር ስለተመሳሰለ ብቻ አይደለም። ማንኛውም ሽምን ጨርቅ ከድርና ከማግ የተሠራ ነው፤ ስውር ቅምቀማ የሚሰፋ ሰው ደግሞ ከፊቱ ጨርቅ በመርፌው ጫፍ የሚያነሣው አንድ ወይም ቢበዛ ሁለት የድር ወይም የማግ ክር ብቻ ነው። መርፌው ጨርቁን ዘልቆ ወደ ፊት አይወጣም፤ ክሩን ከጀርባው ጫር አድርጎ አንሥቶ ወደ እጥፋቱ ይመለሳል። ሱፍ ወፍራምና ጠጉራም ስለሆነ ይህችን ትንሽ ንክሻ በቀላሉ ይውጣታል፤ ስስና አንጸባራቂ ጨርቅ ግን እያንዳንዷን ያሳብቃል። ስለዚህ እጁን የሚያለማምድ ሰው በሱፍ ቁራጭ ቢጀምር ይሻለዋል።

ከስፌቱ በፊት ያለው ዝግጅት ከስፌቱ ያላነሰ ክብደት አለው። የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ አስቀድሞ መታጠብ ይኖርበታል፤ ሰፊ ሽክርክሪት ያለው ቀሚስ ደግሞ ጨርቁ በሰያፍ የተቆረጠበት ቦታ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ፣ ከመለካቱ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ተሰቅሎ ቢቆይ ጠርዙ ከጊዜ በኋላ አይንጋደድም። ለቀጥተኛ ጉርድ ቀሚስና ለሱሪ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር እጥፋት ይተዋል፤ ለሽክርክሪት ቀሚስ ግን ከ2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ትርፉ ጨርቅ ከውስጥ ይጨማደዳል። ጥሬው ጠርዝ እንዳይተረተር የጨርቅ ጠርዝ በሚጠቀልለው የኦቨርሎክ መኪና ይያዛል ወይም በእጅ ይለቀማል፤ ከዚያ እጥፋቱ በካውያ ይተኮስና በስፒል ይያዛል።

ሰፊው እንግዲህ ልብሱን ገልብጦ ይይዝና የእጥፋቱን የላይኛ ጠርዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መለስ ያደርገዋል፤ ክሩ በእጥፋቱና በፊቱ ጨርቅ መካከል ተደብቆ የሚሄደው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው። በቀጭን መርፌ፣ ከክንድ በማይረዝም ነጠላ ክር፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየሄደ አንዴ ከእጥፋቱ፣ አንዴ ከፊቱ ጨርቅ ይነክሳል፤ በንክሻዎቹ መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ይበቃል። በትክክል የሚመሳሰል ክር ካልተገኘ ከጨርቁ ጥቂት ጠቆር ያለው ይመረጣል፤ ፈዘዝ ያለው ከርቀት ይለያልና።

ጀማሪዎች ደጋግመው የሚስቱት፣ እኔም ለአክስቴ የሰፋሁትን የመጀመሪያ ጉርድ ቀሚስ ያበላሸሁበት ነገር ክሩን አጥብቆ መሳብ ነው። ስፌት ሲጠብቅ የሚጠነክር ይመስላል። በስውር ቅምቀማ ግን የጠበቀ ክር ከጨርቁ የተነሣውን የድር ወይም የማግ ክር ወደ ውስጥ ስለሚጎትተው በልብሱ ፊት ተራ በተራ የተደረደሩ ጉድጓዶች ይታያሉ፤ ሰው ሲራመድም እግሩ ጠርዙን ገፋ ባደረገ ቁጥር የሚላላ ነገር ስለሌለ ክሩ ቶሎ ይበጠሳል። ላላ ብሎ የተሰፋው ከጨርቁ ጋር ስለሚንቀሳቀስ ይቆያል። ለሚለጠጥ ጨርቅማ ክሩ ከግራ ወደ ቀኝ እየተሻገረ ትንንሽ መስቀል የሚሠራበት ስፌት ይመረጣል፤ እርሱ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይለጠጣል። ልብሱ ሲተኮስም የእጥፋቱ ጠርዝ ፊት ላይ እንዳያትም በእጥፋቱና በጨርቁ መካከል ወረቀት ማስገባት ይጠቅማል።

ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ የራሱ ጥንቃቄ አለው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር፣ በተለይ ጥር 11 በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ነጭ በለበሰው ሕዝብ መካከል፣ በስሱ ጨርቅ ላይ የመጣ የመኪና መስመር ዓይን ይወጋል። እጥፋቱ ከጥለቱ ጀርባ የሚያርፍ ከሆነ የክሩ ቀለም በነጩ ሳይሆን በጥለቱ ቀለም መመረጥ አለበት፤ መርፌውም የጥለቱን ወፍራም ክሮች ቢያነሣ ንክሻው በሽመናው ውስጥ ይቀራል።

ይህን ሥራ የሚሠራ መኪናም አለ። በፋብሪካ የሚገኘው ቆልማማ መርፌ ያለው ሲሆን ጨርቁን ከጀርባ ጭሮ ብቻ ያልፋል፤ በአንድ ክር እየቆላለፈ ስለሚሰፋ ግን ጫፉ በደንብ ካልታሰረ አንዴ ሲሳብ ሙሉ ዙሩ ይተረተራል። አዲስ የተገዛ ሱሪ በሳምንቱ ግርጌው የሚፈታው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ዚግዛግ፣ ማለትም መርፌያቸው ወደ ጎን እየተመላለሰ የሚሰፉ የቤት መኪናዎች ጨርቁን የሚጫን ልዩ እግር ተገጥሞላቸው ጥቂት ቀጥ ያሉ ስፌቶችን በእጥፋቱ ላይ ከሄዱ በኋላ አንዴ ወደ ጎን ዘለው የፊቱን ጨርቅ ይነካሉ። ቀጥታ ብቻ የሚሰፋው፣ በእግር እየተረገጠ የሚሠራው መኪና ግን ይህን አይችልም፤ ስለዚህ የበረንዳው ሰፊ መኪናውን ትቶ መርፌ ያነሣል።

በእጅ የተሰፋው ለሚያድግ ልጅ የደንብ ልብስ በተለይ ይመቻል። 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር እጥፋት ተትቶለት ከተሰፋ፣ ልጁ ሲረዝም ክሩን በጥቂት ቦታ ቆርጦ መምዘዝና ጠርዙን ማውረድ ብቻ ይቀራል፤ የድሮው እጥፋት የተወው መስመር በነጭ ኮምጣጤና በውኃ በረጠበ ጨርቅ ላይ ካውያ ሲያርፍበት ይለዝባል፤ ጨርቁ በፀሐይ ከደበዘዘ ግን የቀለሙ ልዩነት አይጠፋም።