የሌሊት ወፍ አይሜሪያ ምንድን ነው?

በኮምቦልቻና በአካባቢዋ ዶሮ የሚያረባ ሰው፣ ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ጥለው ደም የቀላቀለ ኩስ ማውጣት ሲጀምሩ ኮክሲዲዮሲስ መግባቱን ይጠረጥራል። የዚህ በሽታ ምክንያት አይሜሪያ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ የአንጀት ጥገኛ ነው። አይሜሪያ ግን ከሺህ በላይ ዝርያዎችን የያዘ ሰፊ ወገን ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚኖሩት ቀኑን በዋሻና በቤት ጣሪያ ሥር ተንጠልጥለው በሚያሳልፉት የሌሊት ወፎች አንጀት ውስጥ ነው።

ጥገኛው በአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ከተራባ በኋላ፣ ኦሲስት በሚባል ጠንካራ ቅርፊት ተሸፍኖ ከኩስ ጋር ይወጣል። የወጣው ኦሲስት ሌላ እንስሳ ለመያዝ የሚበቃው አየር፣ እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ ሲበስል ብቻ ነው። በመሆኑም እርጥበቱ እኩል ከሆነ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን በምናገኛት ኮምቦልቻ የወደቀ ኩስ፣ ብርድ በሚበረታባት ደሴ ከወደቀው ፈጥኖ ይበስላል ብሎ መጠበቅ ይቻላል።

የዝርያ ገለጻ፣ ማለትም አንድን ዝርያ ከሌሎቹ ለይቶ በሳይንስ የመሰየም ሥራ፣ የሚጀምረው ከዚህ ከበሰለ ኦሲስት ነው። ተመራማሪው ኩሱን 2.5 በመቶ በሆነ የፖታሲየም ዳይክሮሜት ብጥብጥ ውስጥ አቆይቶ ባክቴሪያ እንዳያበላሸው ይከላከላል፤ ከዚያም በስኳር ብጥብጥ ኦሲስቶቹን አንሳፍፎ በማይክሮስኮፕ ያያቸዋል። በአይሜሪያ ኦሲስት ውስጥ 4 ከረጢቶች፣ በእያንዳንዱም ስፖሮዞይት የሚባሉ፣ ወደ አንጀት ሕዋስ የሚገቡ 2 የጥገኛው ሕዋሳት ይገኛሉ። አይሶስፖራ በሚባለው ሌላ ወገን ደግሞ 2 ከረጢቶች እያንዳንዳቸው 4 ስፖሮዞይት ይይዛሉ፤ ድምሩ በሁለቱም 8 ስለሆነ አቆጣጠሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀጥሎ የብዙ ኦሲስቶች ርዝመትና ስፋት በማይክሮሜትር ይለካል፤ ግድግዳው ልሙጥ ይሁን ሻካራ፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው፣ በውስጡ የቀረ ትርፍ ነገር ይኑር አይኑር ይመዘገባል።

በእኔ እምነት ከልኬቱ የሚከብደው ጥገኛው በእርግጥ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ማወቁ ነው። አብዛኞቹ የሌሊት ወፎች ነፍሳት ስለሚበሉ፣ አዴሊና የተባለው የነፍሳት ጥገኛ ኦሲስቶች በአንጀታቸው አልፈው በኩሳቸው ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ በኩስ ውስጥ የታየ ሁሉ የሌሊት ወፉ ጥገኛ አይደለም። ኩሱም ከየትኛው የሌሊት ወፍ ዝርያ እንደመጣ ሳይረጋገጥ የሚሰጥ ስም መሠረት የለውም፤ ከጣሪያ ሥር ተጠርጎ የተሰበሰበ ኩስ የብዙ እንስሳት ቅልቅል ሊሆን ይችላልና።

የአይሜሪያ ዝርያዎች በአብዛኛው ከአንድ እንስሳ ወይም ከቅርብ ዘመዶቹ አይርቁም። ጫጩቶቹን የሚገድለው አይሜሪያ ቴኔላ የዶሮ ነው፤ ስለዚህ ኮክሲዲዮሲስን ፈርቶ የሌሊት ወፎችን ከጣሪያ ማባረር ዶሮውን አያድንም፣ የዶሮ ቤቱን ጉዝጓዝ ማድረቅ ግን ይረዳዋል። ነገር ግን በሰሜን አሜሪካ የሌሊት ወፎች ላይ የተገለጹ አንዳንድ ዝርያዎች በዘረመል ሲመረመሩ፣ ከአይጥ መሰል እንስሳት አይሜሪያ ጋር በቅርብ ተዛምደው ተገኝተዋል፤ ይህም ጥገኛው በረጅሙ የዝግመተ ለውጥ ጊዜ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ተሻግሮ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ስለዚህ በደሴ የእንስሳት ሕክምና የሚማር ሰው አንድ ቀን የወሎን የሌሊት ወፎች ቢመረምር፣ ከልኬቱና ከፎቶግራፉ ጋር የዘረመል ናሙናም አብሮ ማስቀመጥ ይኖርበታል።