ውድድሩ ሳይጀመር የሚነገሩ ነገሮች፦ ስለ ትናንሽ ኮሌጆች ቅርጫት ኳስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ የዲቪዚዮን 3 ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ልምምድ የሚጀምሩት በኦክቶበር አጋማሽ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች የሚካሄዱት በኖቬምበር ነው። በመካከል ባሉት ሳምንታት ደጋፊው የሚዳኘው ጨዋታ ስለሌለ በእጁ የሚገኘውን ሁሉ ይመዝናል፦ የተጫዋቾች ዝርዝር፣ የአምና ውጤት፣ የአዲስ ገቢዎች ቁመት፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስቆጠሩት ነጥብ። በዚህ ወቅት የሚሰነዘረው ግምት ብዙ ጊዜ የሚስተው ደጋፊው እውቀት ስለጎደለው ሳይሆን በቴሌቪዥን የለመደውን የዲቪዚዮን 1 መለኪያ በሌላ ደንብ ለሚተዳደር ውድድር ስለሚጠቀምበት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዲቪዚዮን የሚወሰነው በትምህርት ቤቱ ትልቅነት ነው»

የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ አባላቱን በሦስት ዲቪዚዮን የከፈለው በ1973 ነው፤ ከፍተኛው ዲቪዚዮን 1 ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው የተማሪው ብዛት ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ለስፖርት ምን ያህል ለማውጣትና በየትኛው ደንብ ለመተዳደር እንደመረጠ ነው። በአሜሪካ ካሉት ትላልቅ የግል ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ በዲቪዚዮን 3 ይወዳደራል፤ የሴቶች ቡድኑም በ2024 እና በ2025 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆኗል። በአንጻሩ በደቡብ ካሮላይና የሚገኘው ፕሬስቢቴሪያን ኮሌጅ ተማሪዎቹ በሺህ አካባቢ ሆነው ሳለ በዲቪዚዮን 1 ይጫወታል። ስለዚህ «ትንሽ ኮሌጅ» የሚለው አጠራር በልማድ የሚነገር እንጂ ስለ ቡድኑ አቅም ብዙ የሚገልጽ አይደለም።

«ስኮላርሺፕ ስለማይሰጡ ጥሩ ተጫዋች ወደዚያ አይሄድም»

መነሻው እውነት ነው፤ የዲቪዚዮን 3 ትምህርት ቤቶች በስፖርት ችሎታ ላይ የተመሠረተ ስኮላርሺፕ መስጠት አይችሉም። ስህተቱ ያለው ከዚህ ተነስቶ በሚደረሰው መደምደሚያ ላይ ነው። በዲቪዚዮን 1 የሚጫወቱት ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ሌሎቹ የአይቪ ሊግ አባላትም የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ በዚህ ምክንያት ግን ተጫዋች አጥተው አያውቁም። በዲቪዚዮን 2 ደግሞ ለአንድ የወንዶች ቡድን የሚፈቀደው የ10 ሙሉ ስኮላርሺፕ መጠን ሲሆን አሰልጣኙ ይህንኑ ለብዙ ተጫዋቾች ቆራርሶ ያከፋፍላል፤ ስለዚህ «ስኮላርሺፕ አገኘ» የተባለ ልጅ የተሰጠው የክፍያው ሩብ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የዲቪዚዮን 3 ተጫዋች የሚያገኘው በትምህርት ውጤቱ ወይም በቤተሰቡ የገቢ መጠን የሚወሰን እርዳታ ሲሆን ከተጫዋቾቹ ቢያንስ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ከዚህ ዓይነቱ እርዳታ የተወሰነ ይደርሳቸዋል። የእርዳታ ክፍሉ ልጁ ኳስ መጫወቱን ከግምት ማስገባት አይፈቀድለትም፤ ትምህርት ቤቱም ለተጫዋቾቹ የሰጠው ከሌሎች ተማሪዎች ድርሻ ጋር ሲነጻጸር ምን እንደሚመስል በየዓመቱ ለኤንሲኤኤ ያቀርባል። በዋሽንግተንና በሜሪላንድ አካባቢ የሚኖሩና ልጆቻቸው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚጫወቱላቸው ወገኖቻችን ይህንን ማወቃቸው ይጠቅማል፤ ሊወዳደር የሚገባው «ስኮላርሺፕ» የሚለው ስም ሳይሆን እርዳታው ሁሉ ተቀንሶ ቤተሰቡ በየዓመቱ ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ ነው፤ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ የዲቪዚዮን 3 ኮሌጅ ከዲቪዚዮን 2 ከፊል ስኮላርሺፕ ረክሶ የሚገኝበት ጊዜ አለና። እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ ያለው ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በ2001 የዲቪዚዮን 3 የወንዶች ሻምፒዮን እንደነበር ከከተማው ነዋሪ ስንቱ ያውቅ ይሆን?

ስለ ተጫዋቾቹ ጥራት ሁለት ሰዎችን መጥቀስ ይበቃል። በሚኒያፖሊስ፣ ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ከሚኖሩበት ከሴዳር ሪቨርሳይድ አጠገብ ባለው ኦግስበርግ የተጫወተው ዴቪያን ጆርጅ በ1999 በኤንቢኤ ድራፍት (ክለቦቹ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) በመጀመሪያው ዙር በ23ኛነት ተመርጦ ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ደንከን ሮቢንሰን በበኩሉ በዊልያምስ ኮሌጅ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2014፣ ለዲቪዚዮን 3 ፍጻሜ ደርሶ በዊስኮንሲን ዋይትዋተር 75 ለ73 ተሸነፈ፤ ወደ ሚሺጋን ተዛውሮ በ2018 የዲቪዚዮን 1 ፍጻሜን ከተጫወተ በኋላ በማያሚ ሂት የሦስት ነጥብ ተኳሽነቱ የታወቀ ሆነ።

«ልጁ ትምህርት ቤቱን መርጫለሁ ካለ ነገሩ አልቋል»

በፀደይ ወራት አንድ ልጅ የኮሌጁን ኮፍያ አድርጎ፣ እናትና አባቱን ግራና ቀኝ አስቀምጦ ወረቀት ሲፈርም የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይወጣል። በዲቪዚዮን 3 ያ ወረቀት ለደስታ መግለጫ ብቻ የተዘጋጀ ሲሆን ልጁንም ሆነ ትምህርት ቤቱን የሚያስገድድ ውል አይደለም። በዲቪዚዮን 3 ልጁን በተግባር የሚያስተሳስሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ በትምህርት ክፍሉ መመዝገቡ፣ የቦታ ማስያዣ ክፍያው መከፈሉ፣ የእርዳታው ደብዳቤ ቤተሰቡን ማርካቱ። በጁን ወር በእርግጠኝነት ሲወራለት የነበረ አዲስ ገቢ በኦክቶበሩ ዝርዝር ውስጥ ቢጠፋ ሊያስደንቅ አይገባም።

ዝርዝሩ ላይ መገኘትም ቢሆን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ስኮላርሺፕ የማይከፍል አሰልጣኝ ሃያ ተጫዋች ለመያዝ ብዙ የሚያግደው ነገር ስለሌለ ከአዲስ ገቢዎቹ ከፊሉ የመጀመሪያ ዓመታቸውን በሁለተኛው ቡድን ውስጥ ያሳልፋሉ። አሰልጣኙ ስምንት አዲስ ተጫዋች አመጣ ሲባል ስምንቱም ሜዳ ይገባሉ ብሎ የሚያሰላ ደጋፊ በዲሴምበር ግራ ይጋባል።

«ብዙ ነጥብ የሚያስቆጥር ቡድን ጠንካራ ነው»

እኔ እስከማየው ድረስ ከስህተቶቹ ሁሉ ሥር የሰደደው ይህ ነው። በኖቬምበር 20 ቀን 2012 በአዮዋ ግዛት የሚገኘው የግሪኔል ኮሌጅ ተጫዋች ጃክ ቴይለር ፌይዝ ባፕቲስት ባይብል ኮሌጅን ሲገጥም ብቻውን 138 ነጥብ አስቆጠረ። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ የጨዋታውን መዝገብ ወርዶ ያነበበው ግን ጥቂት ነው። ቴይለር በ36 ደቂቃ ውስጥ 108 ጊዜ ወደ ቅርጫቱ ወርውሮ 52ቱን አገባ፤ ከ108ቱ ውስጥ 71ዱ የሦስት ነጥብ ሙከራዎች ሲሆኑ የገቡት 27 ናቸው። ለጓደኞቹ ያቀበለው አሲስት፣ ማለትም ወደ ነጥብ የተለወጠ ኳስ፣ ዜሮ ነው። በዚያው ምሽት ከተሸናፊው ወገን ዴቪድ ላርሰን 70 ነጥብ አስቆጥሯል፤ ስለ እርሱ ግን ያወራ የለም ማለት ይቻላል። ውጤቱ 179 ለ104 ነበር።

ይህ የአንድ ምሽት ተአምር ሳይሆን አሰልጣኝ ዴቪድ አርሴኖ ሆን ብሎ የቀመረው አጨዋወት ውጤት ነው። አምስቱ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ተቀይረው ሌሎች አምስት ይገባሉ፤ ሜዳውን ሙሉ ተጭነው ይከላከላሉ፤ ኳስ ባገኙ በሰከንዶች ውስጥ ይወረውራሉ፤ ተጋጣሚው በቀላሉ ቢያስቆጥርባቸውም ኳሱ ቶሎ ወደ እነርሱ ስለሚመለስ ግድ የላቸውም። እንዲህ የሚጫወት ቡድን በነጥብ ብዛት አገሩን ሊመራ ይችላል፤ ሆኖም የሚገባበትም ነጥብ የዚያኑ ያህል ብዙ ነው።

መፍትሔው ነጥቡን በጨዋታ ሳይሆን ቡድኑ ኳስ በያዘበት ጊዜ ብዛት ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ቡድን በጨዋታ 84 ጊዜ ኳስ ይዞ 88 ነጥብ ያስቆጥር፤ ሌላው 64 ጊዜ ይዞ 70 ነጥብ ያስቆጥር። በጋዜጣ ሰንጠረዥ ላይ የመጀመሪያው በ18 ነጥብ የሚበልጥ ይመስላል፤ ሲካፈል ግን የመጀመሪያው በአንድ ይዞታ 1.05፣ ሁለተኛው 1.09 ስለሚያገኝ የተሻለው አጥቂ ቀርፋፋው ቡድን ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚነገረው «በጨዋታ 28 ነጥብ ያስቆጥራል» የሚለው ሙገሳም በዚሁ መንገድ ሊፈተሽ ይገባዋል፦ ስንት ጊዜ ወርውሮ ነው? ማንን ገጥሞ ነው? ኮሌጅ ሲገባ ኳሱን ለሌላ ጋርድ (ኳስ እያንከባለለ ጨዋታውን ለሚመራ ተጫዋች) አስረክቦ ጥግ ላይ ቆሞ ሲጠብቅስ ምን ይሠራል?

«አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች ተመልሰዋል፤ ስለዚህ ዘንድሮ የእኛ ነው»

ቋሚ ተሰላፊ ማለት ጨዋታውን የጀመረ ማለት ብቻ ነው። ከወንበር ተነስቶ 27 ደቂቃ የሚጫወትና በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ከሜዳ የማይወጣ ተቀያሪ በብዙ ቡድን ውስጥ አለ፤ እርሱ ከተመረቀ አምስቱ ቢመለሱም ቡድኑ ትልቅ ነገር አጥቷል። በመሆኑም ሊቆጠር የሚገባው የተመለሱት ተጫዋቾች ከአምናው ጠቅላላ ደቂቃ ምን ያህሉን እንደተጫወቱ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ኳስ የሚያመጣው ጋርድ መኖር አለመኖሩ ለብቻው ይታይ።

የቅርብ ዓመታትን ንጽጽር ያዛባ ሌላ ነገርም አለ። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት የ2020–21 ውድድር ስላልተቆጠረባቸው በርካታ ተጫዋቾች አምስተኛ ዓመት ተጫውተዋል። በእነዚያ ዓመታት የ23 ዓመት ጎልማሶች የ18 ዓመት ልጆችን ይገጥሙ ነበር፤ በዚያ ጊዜ የተመዘገበ ውጤትን ለዛሬው ቡድን መለኪያ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

«ቁመቱ አጭር ነው፤ አይሆንም»

በዝርዝር ላይ የሚሰፍረው ቁመት አብዛኛውን ጊዜ ተጫዋቹ ራሱ የተናገረው ነው፤ በአሥራ ስምንት ዓመት የተመዘገበ ቁመትም የመጨረሻ አይደለም። በኋላ የቺካጎ ቡልስ ኮከብ የሆነው ስካቲ ፒፐን በ1983 ወደ ሴንትራል አርካንሳስ ሲገባ 1.85 ሜትር ገደማ ነበር፤ ስኮላርሺፕ አልነበረውም፤ የቡድኑን ዕቃ የሚይዝ ረዳት ሆኖ ነው የጀመረው። ትምህርት ቤቱ ያኔ ይወዳደር የነበረው በኤንሲኤኤ ሳይሆን የትናንሽ ኮሌጆች ማኅበር በሆነው በኤንኤአይኤ ውስጥ ነው። አራት ዓመት ቆይቶ ሁለት ሜትር ካለፈ በኋላ በ1987 ድራፍት በአምስተኛነት ተመረጠ። የእርሱ ታሪክ በየዓመቱ እንደማይደገም የታወቀ ነው።

«ከላይ የወረደ ተጫዋች ሁልጊዜ የበላይ ነው፣ ከታች የወጣ ግን አይችልም»

ከዲቪዚዮን 1 ወደ ዲቪዚዮን 3 የሚመጣ ተጫዋች ሲገኝ ደጋፊው ሻምፒዮናውን በእጁ የያዘ ያህል ይደሰታል፤ ነገር ግን ልጁ ለሁለት ዓመት ወንበር ላይ የተቀመጠ ወይም ከጉዳት ያላገገመ ሊሆን ስለሚችል የወረደበት ምክንያት መጠየቅ ይኖርበታል። ወደ ላይ ለሚደረገው ዝውውር ደግሞ ድሬክ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ማስረጃ ነው። አሰልጣኝ ቤን መኮለም ኖርዝዌስት ሚዙሪ ስቴትን በ2017፣ በ2019፣ በ2021 እና በ2022 የዲቪዚዮን 2 ሻምፒዮን ካደረገ በኋላ በ2024 ወደ ድሬክ ሲሄድ አራት ተጫዋቾቹን ይዞ ሄደ። ብዙዎች በዲቪዚዮን 1 አይቆሙም ብለው ነበር፤ ቡድኑ ግን 31 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸንፎ በአገር አቀፉ ውድድር የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲን 67 ለ57 ረታ። በጋራ ለዓመታት የተጫወቱ አራት ልጆች በተናጠል ከሚቆጠሩ አራት ስሞች እንደሚበልጡ ይህ ያሳያል፤ እንደ እኔ ግምት በዲቪዚዮን 3ም ከላይ ከወረደ አንድ ኮከብ ይልቅ አብረው የቆዩ ሦስት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ያሉት ቡድን የተሻለ ተስፋ አለው።

«የወዳጅነት ጨዋታው ሁሉን አሳየን»

በኖቬምበር 2009 ያኔ በዲቪዚዮን 2 የነበረው ለ ሞይን ኮሌጅ የዲቪዚዮን 1ኑን የሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ በሲራኪዩስ ሜዳ በወዳጅነት ጨዋታ 82 ለ79 አሸነፈ። የተሸነፈው ሲራኪዩስ ግን የዚያን ዓመት ውድድር በ30 ድልና በ5 ሽንፈት ፈጸመ፤ ስለዚህ በአንድ የወዳጅነት ጨዋታ ዓመቱን መፍረድ አይቻልም።

«ከውድድሩ በፊት የሚወጣው ደረጃ ለሻምፒዮናው ማለፍን ያቀላል»

በኦክቶበር የሚታተመው የሃያ አምስቱ ቡድኖች ደረጃ ድምፅ ሰጪዎች የተስማሙበት ግምት ነው፤ ለንባብ ጥሩ ነው፤ ለምርጫ ግን አይቆጠርም። በዲቪዚዮን 3 የወንዶች ሻምፒዮና 64 ቡድኖች የሚሳተፉ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቦታ ለየሊጉ አሸናፊዎች በቀጥታ ይሰጣል። ለቀሩት ቦታዎች ከ2024–25 ጀምሮ ኤንፒአይ የተባለ ስሌት በሥራ ላይ ውሏል፤ ስሌቱ የሚመለከተው ማሸነፍና መሸነፍን፣ የተጋጣሚውን ጥንካሬና ጨዋታው የተካሄደበትን ሜዳ ነው እንጂ በስንት ነጥብ ልዩነት እንደተሸነፈ ወይም በኦክቶበር ማን ማንን እንዳደነቀ አይደለም። ደካማ ተጋጣሚን በ50 ነጥብ መርታት ደጋፊን ያስፈነድቅ ይሆናል፤ ለስሌቱ ግን ያው አንድ ድል ነው።

መደበኛው ውድድር ከ25 ጨዋታ ስለማይበልጥ በኖቬምበር የሚመጣ ሽንፈት ክብደት አለው። ሆኖም በብዙ ሊጎች አጀማመሩ የተበላሸበት ቡድን በፌብሩዋሪ መጨረሻ በሚደረገው የሊግ ማጠቃለያ ሦስት ጨዋታ አሸንፎ ሊያልፍ ይችላል። የኒውዮርክ፣ የቺካጎ፣ የኤመሪና የሴንት ሉዊሱ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዎች በሚጫወቱበት ዩኤኤ በተባለው ሊግ ግን እንዲህ ያለ ማጠቃለያ ስለሌለ የሊጉ አሸናፊ የሚታወቀው ቡድኖቹ በአውሮፕላን እየተመላለሱ ሁለት ሁለት ጊዜ ተገናኝተው በሚያስመዘግቡት ውጤት ብቻ ነው፤ በጃንዋሪ በእንግድነት የተጣለ አንድ ጨዋታ በዚያ ሊግ የሚካስበት ሌላ ዕድል ላይኖረው ይችላል።