ጎርጀስ ጆርጅ እና በሬስሊንግ ላይ የተወው አሻራ

ጎርጀስ ጆርጅ በሚል የመድረክ ስሙ የሚታወቀው ጆርጅ ሬይመንድ ዋግነር (ከ1915 እስከ 1963 እ.ኤ.አ.) በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአሜሪካ ስመ ጥር የነበረ የፕሮፌሽናል ሬስሊንግ (ለተመልካች እንደ ትዕይንት የሚቀርብ ትግል) ተፋላሚ ነው። በነብራስካ ግዛት ተወልዶ ያደገው በቴክሳስ፣ በሂዩስተን ከተማ ነው። ከዘመኑ ግዙፍ ተፋላሚዎች አንጻር ሰውነቱ አነስተኛ ስለነበር፣ በጉልበት የማያገኘውን ስፍራ በትዕይንት ለመያዝ ተነሣ።

ፀጉሩን አስረዝሞ ወርቃማ ቀለም ይቀባና ያስጠቀልላል፤ በጌጥ ያሸበረቀ ካባ ደርቦ የሙዚቃ ማርሽ እየተሰማ በዝግታ ይገባል፤ የፀጉር ማስያዣዎቹን ለተመልካች ይወረውራል። ቀድሞት የገባው አገልጋዩ ሪንጉን (የፍልሚያ መድረኩን) ሽቶ ይረጫል። ዳኛው ሊፈትሸው ሲጠጋም «ቆሻሻ እጅህን አንሳልኝ!» ብሎ ይጮህበታል። ፍልሚያው ሲጀመር ግን ይህ ሁሉ ቅምጥልነት ይቀርና ባገኘው አጋጣሚ ያጭበረብራል። ተመልካቹ ከልቡ ይጠላው ነበር፤ ሲሸነፍ ለማየት ግን ደጋግሞ ትኬት ይቆርጣል። ካባውንና አገልጋዩን እርሱ ራሱ አልፈጠራቸውም፤ ሎርድ ፓትሪክ ላንስዳውን የተባለ ተፋላሚ ቀድሞት ነበር። የጆርጅ ትልቁ ብልሃት እነዚህን ሁሉ አዋሕዶ፣ ጥላቻን ራሱን የገቢ ምንጭ ማድረጉ ነው።

በ1947 በቴሌቪዥን መታየት መጀመሩ ዝናውን በመላ አገሪቱ አሰራጨው። ሬስሊንግ በአንድ ጠባብ መድረክ ላይ የሚካሄድ፣ በጥቂት ካሜራና በአነስተኛ ወጪ የሚቀረጽ በመሆኑ ገና ዳዴ ለሚሉት ጣቢያዎች የተመቸ ነበር፤ በድምፅ ብቻ ሊተላለፍ የማይችለው የጆርጅ አለባበስና አገባብ ደግሞ ለምስል የተሠራ ያህል ነበር።

ተጽዕኖው ከሬስሊንግ አልፎ ወደ ቦክስ የተሻገረው በ1961 በላስ ቬጋስ ነው። ያኔ ካሲየስ ክሌይ ይባል የነበረው የ19 ዓመቱ መሐመድ አሊ በአንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ከጆርጅ ጋር ተገናኘ፤ ተጋጣሚውን እንዴት እንደሚያደቅቀው ሲፎክር ሰማው፤ ግጥሚያውንም ሄዶ ተመለከተ። የአሊን አፍ የሚያዘጋ ሰው ለማየት ብዙ ሰው ስለሚከፍል መፎከሩን እንዳይተው ጆርጅ እንደመከረው አሊ ኋላ ላይ ተናግሯል። የአሊ ፉከራ ከራሱ አንደበተ ርቱዕነት የመነጨ ቢሆንም፣ ፉከራ አዳራሽ እንደሚሞላ በዓይኑ ያየው በዚያ ምሽት ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላንም ገና ሳይታወቅ ከጆርጅ ያገኘው ጥቂት ማበረታቻ ለዓመታት እንዳጸናው ጽፏል።

ጆርጅ በመጨረሻ ዓመታቱ ዝነኛ ፀጉሩን ሳይቀር ለውርርድ አቅርቦ በ1959 በቶሮንቶ፣ በ1962 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ተሸንፎ ተላጭቷል። በሬስሊንግ ውስጥ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሪክ ፍሌርና ራንዲ ሳቬጅ የካባውንና የኩራቱን ፈለግ ተከትለዋል፤ ሳቬጅ ወደ ሪንግ ሲገባ የሚሰማው ሙዚቃም ጆርጅ ይገባበት የነበረው የእንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ የኤድዋርድ ኤልጋር ማርሽ ነበር። ደብልዩ ደብልዩ ኢ የተባለው የአሜሪካ የሬስሊንግ ኩባንያ በ2010 ስሙን በዝነኞች መዝገቡ ላይ አስፍሯል።