ማሳመን ምንድን ነው? ከድለላ ለይተን እንየው

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ማሳመን የሚያስፈልገው ለማይረባ ነገር ነው፤ መልካም ነገር ራሱን ይሸጣል፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ጽፎ አነበብሁ። ይህን አባባል በኢንሹራንስ ሽያጭ ላይ በቆየሁባቸው አሥራ ስምንት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። በሰማሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ሙያዬ ስለተነካ ብቻ አይደለም። ማሳመንን ከማታለል ጋር የሚደባልቅ ሰው አታላይ ሲገጥመው «ጎበዝ ሻጭ» ይለዋል፤ እውነቱ በእጁ ሲሆን ደግሞ ማስረዳትን እንደ ልመና ቆጥሮ ዝም ይላል።

ግራ መጋባቱን ቋንቋችንም ሳያግዘው አልቀረም። ገዥንና ሻጭን የሚያገናኘውን ሰው ደላላ እንለዋለን፤ መደለል ስንል ደግሞ በጣፋጭ ቃል ማታለል ማለታችን ነው፤ መደለያ ሲባል ጉቦ ትዝ ይለናል። ላቡን የሚበላ ሐቀኛ ደላላ ሞልቶ ሳለ፣ ስሙ ከእነዚህ ቃላት ጋር ስለተዛመደ የሚሸጥ ሁሉ የሚደልል መሰለን። ማሳመን ግን ሥሩ አመነ ነው። እምነት፣ ታማኝ፣ መተማመን ሁሉም ከዚያው ይወጣሉ። ማሳመን ማለት ሌላው ሰው ራሱ መዝኖ እንዲያምን የሚያስችለውን ነገር ፊቱ ማቅረብ ነው። ደብቄው ወይም አጣድፌው እሺ ቢለኝ፣ ፊርማውን አገኘሁ እንጂ አላሳመንሁትም።

ለትዳር የሚላኩ ሽማግሌዎችን አስቡ። ምላሰኛ ስለሆነ ብቻ የሚላክ ሽማግሌ የለም፤ የሚላከው ሰፈሩ የሚያከብረው፣ ቃሉ የሚታመን ሰው ነው። በር ላይ ቆመው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። የመጡበትንም አይሸፋፍኑም፤ «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ይናገራሉ። አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ «ዘመድ ላማክር» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። በዚያ መሃል የልጁ ጠባይና ኑሮ ይጠናል፤ ሽማግሌዎቹም ቀጠሮውን እንደ ስድብ አይቆጥሩትም። ከዓመታት በኋላ ባልና ሚስት ቢጣሉ የሚጠሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የሚናገሩት ኋላ እንደሚጠየቁበት እያወቁ ነው።

«ዛሬ ካልፈረሙ ያመልጥዎታል» የሚል ሻጭ ቀጠሮ የሚፈራ ሽማግሌ ነው። ደንበኛው ካሳ በሚጠይቅበት ቀን ስልክ የማያነሳ ወኪል ደግሞ ከሠርጉ ማግስት የተሰወረ ሽማግሌ ነው። አባትን አሳምኖ ልጅቱን ያልጠየቀስ? እሱ ያሳመነው ሌላ ሰው ነው። በእኛ ሥራም ይህ አለ፤ የሕይወት ኢንሹራንስ ለባል ሸጦ ሚስትን ሳያነጋግር የሚሄድ ወኪል አለ። ባል ሲሞት ሚስት ውሉ መኖሩን አታውቅም፤ የማታውቀውን ደግሞ አትጠይቅም። እንዲህ ዓይነት ውል ያላችሁ፣ ወረቀቱ የት እንደተቀመጠ ዛሬውኑ ለቤተሰባችሁ ንገሩ።

ምሳሌው የማይደርስበት ቦታም አለ። ሽማግሌ ኮሚሽን አይበላም፤ ወኪል ይበላል። ስለዚህ ደንበኛ «አንተ ከዚህ ምን ታገኛለህ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ ወኪሉም በግልጽ መመለስ አለበት።

ወደ «እያደር ይጠራል» ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሆስፒታል ኢግናዝ ሴመልቫይስ የተባለ ሐኪም፣ ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚገቡ ሐኪሞችና ተማሪዎች እጃቸውን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሚያዝያ ወር በዚያ ክፍል ከመቶ ወላዶች ዐሥራ ስምንት ያህሉ ሞተው ነበር፤ በሰኔ ወር ቁጥሩ ወደ ሁለት ወረደ። ከዚህ የበለጠ መልካም ነገር ከየት ይመጣል? ሆኖም ራሱን አልሸጠም። ሴመልቫይስ መጽሐፉን ያሳተመው በ1861 ነው፤ የተቃወሙትንም በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳዮች እያለ ዘለፋቸው። «በገዛ እጃችሁ ገደላችሁ» የተባለ ሐኪም ጆሮውን ቢዘጋ አይገርመኝም። ሰውየው በ1865 ሲሞት አብዛኛው የሙያው ባልደረባ ገና አልተቀበለውም። እውነቱ እያደር ጠርቷል፤ እስኪጠራ ድረስ የሞቱትን እናቶች ግን ማን ይመልሳቸዋል?

ጥፋቱ ሁሉ የእሱ ነው አልልም፤ የተቃወሙት ሐኪሞችም ትዕቢት ነበረባቸው። የምለው ይህን ነው፤ ትክክል መሆንና ማሳመን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ሁለተኛውን ሥራ ሻጭ ያልሆነ ሰውም በየቀኑ ይሠራዋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው አሰጣጥ ስድስት ወር ይወስዳል፤ ታማሚው ግን ከሁለት ወር በኋላ ሳሉ ሲቆም፣ ክብደቱ ሲመለስ ድኛለሁ ይላል። የቀሩትን አራት ወራት ክኒን እንዲውጥ የምታደርገው ነርስ መድኃኒቱን አልፈለሰፈችም፤ የእሷ ሥራ ማሳመን ነው። አለቃው የሚወደው ዕቅድ ድርጅቱን እንደሚያከስር ያየ የሒሳብ ሠራተኛም እንዲሁ ነው። ቁጥሩን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ «ነግሬ ነበር» ለማለት የሚጠብቅ ከሆነ፣ ዕውቀቱ ለማንም አልጠቀመም።

ይህ የገባኝ በሥራው ገና ጀማሪ ሳለሁ ነው። አንድ የአይሱዙ ባለቤት ዘንድ ከአንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ጋር ሄድን። ሰውየው ያለው የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍለው ብቻ ነበር፤ እሱ በአዋጅ ግዴታ ስለሆነ አሳማኝ አያስፈልገውም። እኔ የራሱን መኪና ጉዳት ጭምር ስለሚሸፍነው ሙሉ ዋስትና አርባ ደቂቃ አወራሁ። ሰውየው የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ በር በሩን ያያል። ባልደረባዬ አቋረጠኝና «ጋሼ፣ ይህች መኪና ሁለት ወር ጋራዥ ብትቆም፣ ቤት ውስጥ ምን ይቆማል?» አለው። ቁልፉ መሽከርከሩን ተወ። «የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የባንክ ዕዳው…» ብሎ ጀመረና ረጅም ጊዜ ተናገረ፤ እኛ ዝም ብለን ሰማን።

ሰውየው ሲጨርስ ባልደረባዬ ስለ ጥቅሙ አልቀጠለም፤ የማይከፈልበትን ዘረዘረ። «ሾፌርዎ ጠጥቶ ቢነዳ አይከፈልዎትም። መንጃ ፈቃዱ ለዚህ መኪና የማይሆን ከሆነ አይከፈልዎትም። የቆመችበትን ቀን ገቢም አይተካም፤ የሚሸፍነው ጥገናውን ነው። ዋጋዋንም ዝቅ አድርገው አያስመዝግቡ።» ይህ የመጨረሻው ዛሬም ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነው። ሦስት ሚሊዮን ብር የምታወጣ መኪና አረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ ለመቀነስ በአንድ ሚሊዮን ተኩል ከተመዘገበች፣ የአራት መቶ ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ የሚታሰበው ግማሹ፣ ሁለት መቶ ሺህ ብር ነው፤ ከእሱም ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ይቀነሳል። ዋጋ በየዓመቱ በሚንርበት አገር ውል ሲታደስ ግምቱም መታደስ አለበት።

በመንገድ ላይ ተበሳጭቼ «ሽያጩን አበላሸኸው» አልሁት። «አስፈርመነው ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ሁሉ በአደጋው ቀን ነበር የሚሰማው» ብሎ መለሰልኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውየው ሊብሬውን ይዞ ቢሮ መጣ። ከኋላው አንድ ወጣት ቆሟል። «ያን የማይከፈልበትን እስኪ ድገሙልኝ» አለ፤ «ሾፌሬም ይስማው።»