ስለ ኢራኑ የፓህላቪ ዘውድ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

የኢራኑ ሻህ (ንጉሥ) የሞሐመድ ሬዛ ፓህላቪ ስም ሲነሳ በእኛ ዘንድ የጃንሆይም ስም ተከትሎ ይነሳል። ሁለቱም የአሜሪካ ወዳጆች ነበሩ፤ ሁለቱም በ1970ዎቹ ከዙፋን ወረዱ። ስለ ሻሁ የሚወራው ግን በስህተት የተሞላ ነው። (ዓመታቱም ወራቱም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የወደቀው የ2,500 ዓመት ዙፋን ነው»

የ53 ዓመት ዙፋን ነው። መሥራቹ ሬዛ ኻን አላሽት በምትባል የማዛንደራን ተራራማ መንደር ተወልደው፣ በሩሲያ መኮንኖች ይመራ በነበረው የኮሳክ ብርጌድ ከተራ ወታደርነት ያደጉ ሰው ናቸው። በ1921 ጦር አስከትለው ቴህራን ገቡ፤ በ1923 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1925 ፓርላማው የቃጃርን ሥርወ መንግሥት ሻረና ዘውዱ ለእሳቸው ተሰጠ። በ1924 እንኳ ሪፐብሊክ ለማወጅ ታስቦ ነበር። «የቱርክ ዓይነት ዓለማዊ መንግሥት ሊመጣብን ነው» ብለው የተቃወሙት ሙላዎቹ፣ ማለትም የሃይማኖት መሪዎቹ፣ ነበሩ! በኋላ ዘውዱን ያፈረሱትን ሙላዎች ላሰበ ሰው ነገሩ ያስገርማል።

2,500 የሚለው ቁጥር የተስፋፋው በልጃቸው ድግስ ነው። ሞሐመድ ሬዛ ሻህ በ1971 ከጥንቷ የፋርስ ከተማ ከፐርሰፖሊስ ፍርስራሽ አጠገብ ድንኳን አስተክለው፣ ምግቡን የፓሪሱ ማክሲም ምግብ ቤት እንዲያዘጋጅ አድርገው የዓለምን መሪዎች ጋበዙ። አፄ ኃይለ ሥላሴም ታድመዋል። ሻሁ በቂሮስ መቃብር ፊት ቆመው «ቂሮስ ሆይ፣ በሰላም ተኛ፤ እኛ ነቅተናልና» አሉ። ከመጽሐፈ ዕዝራ በምናውቀው ቂሮስና በእሳቸው መካከል ግን ግሪክም፣ ዐረብም፣ ቱርክም፣ ሞንጎልም ገዝቷል። የእኛ ነገሥታት የዘር ሐረግ ይቆጥሩ ነበር፤ ሻሁ የቆጠሩት የአገሪቱን ዕድሜ ነው።

«እንግሊዞች አነገሡ፣ እንግሊዞች አወረዱ»

ግማሹ እውነት ነው። በ1921 እንግሊዛዊው ጄኔራል አይረንሳይድ ሬዛ ኻንን አበረታተዋል፤ ከዚያ እስከ ዘውዱ ያለውን መንገድ ግን ራሳቸው ተጓዙት። ማውረዱ ላይ ክርክር የለም። በነሐሴ 1941 የእንግሊዝና የሶቪየት ጦር ገባ፤ ሬዛ ሻህ በመስከረም ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ፤ ወደ ሞሪሽየስ ተወስደው በ1944 ጆሃንስበርግ ውስጥ ሞቱ።

«ሻሁን ያነገሠው ሲአይኤ ነው»

በ1953 ሻሁ ከነገሡ 12 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያኔ የተገለበጡት ነዳጁን ከእንግሊዝ ኩባንያ ነጥቀው ለአገሪቱ ያደረጉት ጠቅላይ ሚኒስትር ሞሳዴቅ ናቸው። ሻሁ የሽረት ትእዛዙን ፈርመው ነበር፤ ትእዛዙን ሌሊት ያደረሰው ኮሎኔል ግን በሞሳዴቅ ዘቦች ተያዘ። ሻሁ ወደ ባግዳድ፣ ከዚያም ወደ ሮም ሸሹ። ሴራው ከሽፏል ሲባል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጄኔራል ዛሂዲ ሥልጣን ያዙና ሻሁ ተመለሱ። ሲአይኤ እጁ እንዳለበት በ2013 በይፋ አምኗል። ያኔ የተገኘው አዲስ ንጉሥ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይፈሩ የነበሩት ንጉሥ ከዚያ በኋላ ብቻቸውን መግዛት ጀመሩ።

«የ1979ን አብዮት ያመጣው የሕዝቡ ረሃብ ነው፤ የመሩትም ሙላዎች ብቻ ናቸው»

ሁለቱም ስህተት ነው። የነዳጅ ዋጋ በ1973 እና 74 አራት እጥፍ ገደማ ጨምሮ ገንዘቡ ሞልቶ ነበር፤ ያስመረረው የዋጋ ንረቱ፣ ሙስናው፣ የሻሁ የደኅንነት ድርጅት የሳቫክ ስለላና በ1975 የታወጀው የአንድ ፓርቲ ሥርዓት ነው። አደባባይ ከወጡት መካከል ተማሪዎች፣ ግራ ዘመሞች፣ የባዛር ነጋዴዎች ነበሩ። መንግሥቱን ትንፋሽ ያሳጠረው የነዳጅ ሠራተኞቹ አድማ ነው።

«አሜሪካ ስለከዳቻቸው ወደቁ»

ይህን የዘውዱ ደጋፊዎች ይወዱታል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1977 መጨረሻ ቴህራን ድረስ ሄደው ኢራንን «የመረጋጋት ደሴት» ብለዋታል፤ ቁም በተባለችው ከተማ ተቃውሞ የተነሳው በቀናት ውስጥ ነው። ከ1974 ጀምሮ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ሻሁን ለደም ካንሰር በምስጢር ያክሟቸው እንደነበርም ዋሽንግተን አላወቀችም። ሻሁ በጥር 1979 ከአገር ወጡ። አሜሪካ በጥቅምት ለሕክምና ስትቀበላቸው፣ ቴህራን ያሉ ተማሪዎች «እንደ 1953ቱ ሊመልሷቸው ነው» ብለው ኅዳር 4 ቀን የአሜሪካን ኤምባሲ ወረሩ።