የድርቆሽ እስር ለማንሳት የትኛው የትራክተር ሹካ ይሻላል?

ድርቆሽ በእጅ ሲነሳ መሣሪያው መንሽ ነው፤ ብዙ ምርጫ የለውም። ትራክተር ሲገባበት ግን ነገሩ ይለወጣል። እስሩን በሹል ብረት የሚወጋ ባለ አንድ ጦር አለ፣ ባለ ሁለት ጦር አለ፣ ባለ መንጋጋ አለ፣ እስሩን ከሁለት ጎን የሚያቅፍ አለ፣ ፓሌት (እቃ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) የሚያነሳ ሹካም አለ። ሻጩ ሁሉንም «ለሁሉም ይሆናል» ይላችኋል። አይሆንም። እያንዳንዱ የተሠራው ለተወሰነ ዓይነት እስር ነው። ብዙ ገዢ ከሹካው ዋጋ ይጀምርና እቤቱ ካደረሰው በኋላ ነው ትራክተሩ እንደማይችለው ወይም እስሩን እንደሚያበላሽበት የሚያየው። ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ እስሩ፣ ቀጥሎ ትራክተሩ፣ ሹካው መጨረሻ ላይ።

ከትንሹ እንጀምር። በማሽን የሚታሰረው ትንሽ አራት ማዕዘን እስር በተለምዶ 35 በ45 ሳንቲሜትር ሆኖ ርዝመቱ 90 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ኪሎ ስለሆነ አንድ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል። የሱሉልታና የጫንጮ ድርቆሽም በመጠኑ ለዚህ ይቀርባል። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲታጨድ ሣሩ ይደርቃል፣ የእንጨት ሳጥን ውስጥ በእግር ይረገጣል፣ በገመድ ይታሰራል፣ ከዚያ አይሱዙ ላይ ተቆልሎ አዲስ አበባና አካባቢዋ ወዳሉ የወተት ላም አርቢዎች ይጓዛል። ለዚህ ዓይነት እስር ጦር አትግዙ። ጦሩ ሲገባ እስሩን ይበትነዋል፣ ገመዱንም ሊበጥሰው ይችላል። ሌላ አገር ትልልቅ እርሻዎች የሚጠቀሙት ስምንት ወይም አሥር እስር ጎን ለጎን ተደርድሮ ከላይ በመንጠቆ ነክሶ የሚያነሳውን መሣሪያ ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን እስሮቹ መጠናቸው እኩል መሆን አለበት። በእግር የተረገጠ እስር አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ስለሚሆን ከመንጠቆው የሚያመልጥ አይጠፋም። እዚህ ላይ ፓሌት ላይ ደርድሮ፣ በገመድ ጠፍሮ፣ በተራ የፓሌት ሹካ ማንሳት የተሻለ ነው ባይ ነኝ፤ ሹካው ማዳበሪያና የመኖ ከረጢትም ያነሳል።

ጦር የመጣው ከትልቁ ክብ እስር ጋር ነው። አሊስ ቻልመርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1947 ድርቆሽ የሚጠቀልል ማሽን ለገበያ አውጥቶ ነበር፤ እስሩ ግን በእጅ የሚነሳ ትንሽ ነበር። በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ፔላ ከተማ የነበረው ጋሪ ቨርሚር እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው ማሽን ነው ነገሩን የገለበጠው። አንድ ሰው ብቻውን ድርቆሹን ከመሬት አንስቶ እንዲጨርስ ታስቦ የተሠራ ሲሆን እስሩ ከሰው ጉልበት በላይ ሆነ። ሰው ማንሳት ካልቻለ የሚያነሳው ትራክተሩ ነው፤ ትራክተሩ ደግሞ የሚወጋበት ነገር ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1978 የካንሳሱ ሄስተን ኩባንያ ትልቁን አራት ማዕዘን እስር ሲያመጣ ደግሞ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጦሩ ተፈላጊ ሆነ።

ክብደቱን በግምት አትተዉት፣ አስሉት። ማስላቱ ከባድ አይደለም። ክብ እስር ሲሊንደር ስለሆነ የስፋቱን ግማሽ በራሱ ማብዛት፣ የመጣውን በ3.14 ማብዛት፣ ያንን በርዝመቱ ማብዛት ነው። ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 1.2 ሜትር የሆነ እስር 2.1 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል። በደንብ የደረቀ ድርቆሽ ክብ እስር ውስጥ በሜትር ኩብ ከ140 እስከ 200 ኪሎ አካባቢ ስለሚይዝ፣ በ180 ብንወስደው እስሩ 380 ኪሎ ይሆናል። አሁን አነስ ያለውን፣ ስፋቱም ርዝመቱም 1.2 ሜትር የሆነውን እንየው። ደረቅ ከሆነ 245 ኪሎ ገደማ ነው። በፕላስቲክ የተጠቀለለ እርጥብ ሳይሌጅ (ሳይደርቅ ታሽጎ የሚቆይ መኖ) ከሆነ ግን ያው መጠን 600 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። ለዓይን ትንሽ፣ ለሎደሩ (ትራክተሩ ፊት ለፊት ለሚገጠመው የማንሻ ክንድ) ግን ከትልቁ የከበደ። ስፋቱ 1.8፣ ርዝመቱ 1.5 ሜትር የሆነው ደረቅ እስር ወደ 700 ኪሎ ይጠጋል። 90 በ90 በ240 ሳንቲሜትር የሆነው ትልቅ አራት ማዕዘን ከ350 እስከ 450 ኪሎ ነው። የስንዴ ገለባ ከድርቆሽ ይቀላል፤ ቢሆንም ስሌቱን በድርቆሽ መሥራት ይሻላል፣ ነገ ምን እንደሚነሳ አይታወቅምና።

ቀጥሎ ትራክተሩ። ገዢዎች በብዛት የሚሸወዱት እዚህ ነው። የሎደሩ ማስታወቂያ «900 ኪሎ ያነሳል» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የተለካው ክንዱ ጫፍ፣ ሹካው የሚያያዝበት ፒን ላይ ነው። እስሩ ግን ፒኑ ላይ አይቀመጥም። ርዝመቱ 1.2 ሜትር የሆነ እስር እስከ መጨረሻው ቢወጋ እንኳ የክብደቱ መሐል ከሹካው ፍሬም 60 ሳንቲሜትር ይርቃል፤ ፍሬሙና ማያያዣው ራሳቸው ሌላ 20 ወይም 30 ሳንቲሜትር ይጨምራሉ። ክብደት ወደ ፊት በራቀ ቁጥር ሎደሩ ይዳከማል፤ ከፒኑ ግማሽ ሜትር ብቻ ሲርቅ እንኳ ብዙ ሎደር የአቅሙን ሩብ ያህል ያጣል። ስለዚህ 900 የተባለው በግማሽ ሜትር ብቻ ወደ 675 ይወርዳል፤ እስሩ ከዚያም ስለሚርቅ ከዚህም ያንሳል። የሹካው ክብደት 100 ኪሎ ከሆነ እሱም ይቀነስ፣ ቢበዛ 575 ይቀራል። 380 ኪሎውን ደረቅ እስር ያነሳል። እርጥቡን 600 ኪሎ ግን አያነሳም፤ ቢያነሳም የኋላ ጎማ ከመሬት ሊላቀቅ ይችላል። ሻጩን ቁጥሩ የት ላይ እንደተለካና በስንት ከፍታ እንደሆነ ጠይቁት። መሬት አጠገብ የሚነሳው ክብደትና ሙሉ ከፍታ ላይ የሚነሳው አንድ አይደለም።

ሎደር ፊት ለፊት ሲሸከም ከኋላ ክብደት ያስፈልገዋል። ኮንክሪት የተሞላ ሣጥን ወይም የብረት ክብደት የኋላው ማያያዣ ላይ ይንጠልጠል። ይህ ሲቀር የፊት አክስሉ ሸክሙን ብቻውን ይበላዋል፣ የኋላ ጎማ መያዣ ያጣል፣ ፍሬኑም ይዳከማል፤ በብዙ ትራክተሮች ፍሬኑ ያለው የኋላ ጎማ ላይ ነውና።

እኛ አገር ግን ብዙው ትራክተር ሎደር የለውም። ለማረስ የመጣ ነው፤ ያለው የኋላው ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ (ከታች ሁለት ክንድ፣ ከላይ አንድ) ነው። መሐንዲሱ ሃሪ ፈርጉሰን ያዳበረውና እ.ኤ.አ. በ1939 ፎርድ 9ኤን በተባለው ትራክተር በብዛት የተሰራጨው ያው ማያያዣ ዛሬም ማረሻውንም ጦሩንም ይይዛል። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳ ላይ ኮምባይነር ከኋላው የጣለውን ገለባ አስሮ ለሚያነሳ ሰው፣ ከኋላ የሚገጠም ባለ አንድ ጦር ሹካ ከሁሉም የቀለለ አማራጭ ነው። ተጨማሪ የሃይድሮሊክ (የዘይት ግፊት) መስመር አይፈልግም፣ የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም፣ ሊበላሽ የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ እስሩን ከመሬት ያነሳል እንጂ ሁለተኛ ደርብ ላይ አይጭንም። ከማሳ ወደ መጋዘን ለማጓጓዝ ይበቃል፣ መኪና ላይ ለመጫን አይበቃም። መኪና መጫን ካለ ሎደር ግድ ነው፣ አቋራጭ የለውም።

የኋላው ማያያዣ አቅም ብዙ ጊዜ የሚለካው ከታችኞቹ ክንዶች ጫፍ 610 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ርቆ ነው። ርዝመቱ 1.5 ሜትር የሆነ እስር የክብደት መሐል ከዚያም ይርቃል፤ ስለዚህ እዚህም ቁጥሩን ቀንሱ። ሌላው የምትጠብቁት የፊት ጎማውን ነው። ኋላ ሲከብድ ፊት ይቀላል፣ መሪው ይፈዝዛል። ከትራክተሩ ባዶ ክብደት ቢያንስ 20 በመቶው የፊት ጎማ ላይ መቅረት አለበት፤ ካነሰ ከፊት ክብደት ይጨመርበት። ፒኑንም ለኩ። ምድብ አንድ የሚባለው የታችኛው ፒን ውፍረት 22 ሚሊሜትር፣ ምድብ ሁለት 28 ሚሊሜትር ነው። ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ቀጭን ፒን አስገብቶ መሥራት ፍሬሙንም ክንዱንም ይበላል።

ከፊት የሚገጠመው ደግሞ የማያያዣ ጣጣ አለው። የአውሮፓ ትራክተሮች የሚጠቀሙት ዓይነት፣ አሜሪካ የተለመደው የስኪድ ስቲር (ትንሽ የመጫኛ ማሽን) ዓይነት፣ የአንዳንድ አምራቾች የራሳቸው ዓይነት፣ በፒን በቀጥታ የሚታሰረው አሮጌው ዓይነት፤ አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። ከውጭ ያገለገለ ሹካ የምታስመጡ ከሆነ የሎደራችሁን ማያያዣ ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ ሳትልኩ ብር አትክፈሉ።

ሎደሩ ባልዲ ላይ በሰንሰለት ወይም በብሎን የሚታሰር ጦርም ይሸጣል። ርካሽ ስለሆነ ይማርካል። እኔ አልመክረውም። የባልዲው ክብደት ሳይቀነስ ጦሩ ይጨመራል፣ እስሩ የበለጠ ወደ ፊት ይርቃል፣ የባልዲው ከንፈርም ይጣመማል። በዓመት ጥቂት ቀላል እስር ለሚያነሳ ሰው ያልፍ ይሆናል፤ ለዘወትር ሥራ ግን አይደለም።

ወደ ጦሩ ራሱ እንምጣ። ጥሩ ጦር ተቀጥቅጦና በሙቀት ታክሞ የተሠራ ብረት ነው፤ ለክብ እስር ርዝመቱ 110 ወይም 125 ሳንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። ሥሩ ሾጠጥ ያለ ሲሆን ኮነስ በሚባል፣ ፍሬሙ ላይ በተበየደ እጅጌ ውስጥ ገብቶ ከኋላ በዳዶ ይጠብቃል። ኮነስ 2 ከኮነስ 1 ይወፍራል፤ ለትልልቅ እስር የሚመረጠው እሱ ነው። ጦሩ ሲጣመም ዳዶውን ፈትቶ መቀየር ይቻላል። ፍሬሙን አዳማም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ጎበዝ በያጅ አሳምሮ ይሠራዋል። ጦሩን ግን ከፌሮ ወይም ከውኃ ቧንቧ አታሠሩ። ፌሮ ከሸክም በታች ይለመጣል፤ ተቀጥቅጦ የተሠራውንም ጦር በቀጥታ ፍሬሙ ላይ መበየድ የሙቀት ሕክምናውን ያጠፋውና ብየዳው አጠገብ ይሰበራል። እጅጌው ይበየዳል፣ ጦሩ አይበየድም።

ባለ አንድ ጦር ሲባል አንዱ ረጅም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሥሩ ሁለት አጫጭር ጦሮች ይኖሩታል፤ እነሱ ከሌሉ እስሩ በረጅሙ ዙሪያ ይሽከረከራል። አወጋጉም እንዲህ ነው፦ ጦሩን ከመሬት ጋር አስተካክሎ የጠፍጣፋው ፊት መሐል ላይ ማነጣጠር፣ በዝግታ እስሩ ፍሬሙን እስኪነካ መግባት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ማዘንበል፣ ከዚያ ማንሳት። ግማሽ ብቻ ገብቶ የተነሳ እስር መንገድ ላይ ይወልቃል። ለትልቁ አራት ማዕዘን ሁለት ረጃጅም ጦሮች ይሻላሉ፤ ገመዶቹን ሳይነኩ በመሐላቸው መግባት አለባቸው።

የተጠቀለለ ሳይሌጅ ግን በፍጹም አይወጋም። ፕላስቲኩ የተጠቀለለው አየር እንዳይገባ ነው፤ ቀዳዳው አየር ያስገባል፣ መኖው ይሻግታል። ለሱ የሚሆነው በሃይድሮሊክ ከሁለት ጎን የሚያቅፈው መሣሪያ ነው። ባለ መንጋጋው ደግሞ ከሥር በጥርስ ገብቶ ከላይ ይነክሳል፤ ለተበተነ ድርቆሽና ለፍግም ይሆናል። ሁለቱም ትራክተሩ ፊት ለፊት ተጨማሪ የሃይድሮሊክ መስመር እንዲኖረው ይጠይቃሉ፣ ከጦርም ይከብዳሉ፤ ያ ትርፍ ክብደት ከማንሳት አቅሙ ላይ እንደሚቀነስ አትርሱ።

አደጋውን ሳልናገር አላልፍም፣ ሰው የሚሞትበት ሥራ ነውና። ክብ እስር በባልዲ ወይም ልቅ ሆኖ በሹካ ከፍ ብሎ ሲነሳ በሎደሩ ክንዶች ላይ ተንከባልሎ ሾፌሩ ላይ ይመጣል። በዚህ መንገድ ብዙ ገበሬ ሞቷል። መፍትሔው እስሩን የሚይዝ መሣሪያ፣ እሱን ከፍ አድርጎ አለመጓዝና ከሾፌሩ ወንበር በላይ የብረት መከላከያ መኖሩ ነው። ስዊድን በአዲስ ትራክተር ላይ ሲገለበጥ ሾፌሩን የሚጠብቅ መከላከያ ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ አሜሪካ ለተቀጣሪ ሠራተኞች ትራክተር ደንቡን ሥራ ላይ ያዋለችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። መከላከያ የሌለው አሮጌ ትራክተር ላይ ሎደርና ጦር መግጠም አይገባም። ስትጓዙ እስሩ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ ይበል። ተዳፋት ላይ ከፍ አድርጎ መዞር ትራክተሩን ይገለብጠዋል። ባዶውን ጦር ተክላችሁ ሰው በሚበዛበት መንገድ አትውጡ፤ ከኋላ የተገጠመው ጦር ሾፌሩ በማያይበት በኩል ከአንድ ሜትር በላይ ያወጣል፣ ቁመቱም የሰው ወገብ አካባቢ ነው። ይፈታ፣ ወይም ወደ ላይ ይታጠፍ።

ያገለገለ ሹካ ልትገዙ ከሄዳችሁ ሦስት ቦታ እዩ። ጦሩን ከጫፉ ወደ ሥሩ በዓይን አስተካክላችሁ ተመልከቱ፣ የተጣመመ ከሆነ ይታያል። እጅጌው ፍሬሙን የሚነካበትን ብየዳ በብረት ብሩሽ አጽድታችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ከዚያ ጦሩን ጫፉ ላይ ይዛችሁ ነቅንቁት። ዳዶው ጠብቆም እያለ የሚወዛወዝ ከሆነ እጅጌው ተበልቷል፣ ለሱም ሻጩ ዋጋ ይቀንስ።