በሥራ ቦታ ትንኮሳ ሲፈጸም ያየ ሰው ምን ማድረግ ይችላል?

ስብሰባው አልቋል። አንድ ኃላፊ የአንዲት ሠራተኛን ወንበር መደገፊያ ይዞ ስለ አለባበሷ ያወራል። እሷ ፈገግ ብላለች፤ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው። ሦስት ባልደረቦቿ አይተዋል። ሦስቱም አይተው እንዳላዩ ይወጣሉ።

ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተሳታፊዎች አንድ ሰው የሚጥል በሽታ የተነሳበት የሚመስል ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እንዲሰሙ አደረጉ። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ካሉት 85 በመቶው የታማሚው ድምፅ ሳይቋረጥ እርዳታ ጠሩ። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካሰቡት ግን እንዲህ ያደረጉት 31 በመቶው ብቻ ነበሩ። ኃላፊነቱ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ማንም የእኔ ነው አይለውም። በመሥሪያ ቤት ደግሞ የእንጀራ ጉዳይ ይጨመርበታል፤ ተንኳሹ አለቃ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው ጣልቃ መግባት ሲባል ፊት ለፊት መጋፈጥ ይመስለዋል። እኔ ግን ቀዳሚው መንገድ ነገሩን ማቋረጥ ነው እላለሁ። ከሦስቱ አንዱ ተመልሶ «ያ ሪፖርት የት ደረሰ? አብረን እንየው» ቢላት ይበቃ ነበር። ስለ ትንኮሳው አንድም ቃል አልተነሳም፤ ማንንም አልከሰሰም። እሷ ግን ተነስታ የምትወጣበት ምክንያት አገኘች። ወሬው በቡድን መልእክት ላይ ከሆነም ርዕሱን መቀየር ይሠራል።

በቀጥታ መናገር የሚሻለው ለእሷም ለተናጋሪውም አደጋ በሌለበት ጊዜ ነው። ያኔም አጭር ይሁን፦ «ይሄ ደስ አይልም፣ ይቅር።» ክርክር ውስጥ አይገባም። ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ ብቻን ከመግባት ጥበቃ ወይም ፖሊስ መጥራት ይቀድማል።

ያዩትን መጻፍም እርዳታ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ ማን እንደነበረ። ግምት አይጨመርበትም። ማስታወሻው ለተበዳይዋ ይሰጣል፤ የት እንደሚደርስ የምትወስነው እሷ ናት። ቪዲዮ ቀርጾ ያለ ፈቃዷ ማሰራጨት ሁለተኛ በደል ነው።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ጠጋ ብሎ «አይቻለሁ። ልክ አልነበረም። ምን ላግዝሽ?» ማለት። ትንኮሳ የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ «እኔ አካብጄው ይሆን?» እያለ ራሱን ይጠራጠራል። አይቻለሁ የሚል አንድ ሰው ያንን ጥርጣሬ ያቀልለታል። «ለምን ዝም አልሽ?» ግን በፍጹም አይባልም። አሁን ማውራት ካልፈለገችም ይሁን፤ በማግስቱ መጠየቅ ይቻላል።

ጉዳዩን ወደ ሰው ኃይል ክፍል፣ ወደ ሠራተኛ ማኅበር ወይም ወደሚታመን ኃላፊ መውሰድም አለ። እዚህ ላይ የምስክሩ ፍርሃት እውነተኛ ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው፣ በሥራ ዓለም ስለሚደርስ ጥቃትና ትንኮሳ የሚደነግገው ስምምነት ቁጥር 190 ይህን አይቷል፦ ከበቀል የሚጠበቁት አቤት ባዮችና ተበዳዮች ብቻ ሳይሆኑ ምስክሮችና ጠቋሚዎችም ናቸው። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ የሚያስገድደው ግን የተቀበሉትን አገሮች ነው። የሥራ ጉዞንና ከሥራ ጋር የተያያዘ የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነትንም ይሸፍናል። ስለዚህ ምስክር ከመናገሩ በፊት የመሥሪያ ቤቱን ደንብ ቢያነብ፣ ከተቻለም አብሮት ካየ ሌላ ባልደረባ ጋር ቢቀርብ ይሻለዋል። ሁለት ሆነው የመጡ ምስክሮችን ነጥሎ መጉዳት ይከብዳል።